ለመድገም ኮከብን ይጫኑ

ጋሽ ፊደልን እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው የመንደሩን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነቡት እሳቸው ስለነበሩ ነው። ደብዳቤ ብቻም አይደለም። የማዳበሪያ ከረጢት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ ያልመጣባቸው ሰው የለም። ያን ጊዜ በራቸው አያርፍም ነበር። አሁን በየቤቱ የተማረ ልጅ ሞልቷል፤ በራቸውም አርፏል።

ሚስታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆነ። ልጃቸው ከተማ ነች። ስትደውል "አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ መልሼ ልደውልልህ" ትላለች። እሷው ደውላ፣ እሷው ለመዝጋት ትቸኩላለች።

ሌላ የምትደውልላቸው አንዲት ሴት አለች፤ ሰው ከተባለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጠራል።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ደንበኛችን።"

ተቀድቶ የተቀመጠ ድምፅ ነው። ከሰላምታው በኋላ ትንሽ ዝም ይላል። ዝምታው ለቁልፍ መጫኛ የተተወ ነው፤ ጋሽ ፊደል ግን "ደህና አደርሽ፣ ልጄ" ይሉበታል። ከዚያ የዝናቡን ሁኔታና የሽንኩርቱን ዋጋ ትነግራቸዋለች። "ከሰዓት በኋላ" ልትል ስትል ጉንፋን እንደያዘው ሰው ትንፋሿን ትስባለች። መጨረሻ ላይ "ለመድገም ኮከብን ይጫኑ" ስትል ይጫናሉ። ቁርሳቸውን በልተው፣ ሳህናቸውን አጥበው እስኪደፉ ድረስ ይጫናሉ። ዝናቡንማ በመጀመሪያው ሰምተውታል።

ለገበሬው የዝናብና የገበያ ዋጋ የሚያደርሰው ይህ የስልክ አገልግሎት የስድስት ወር ሙከራ ነበር። ስድስት ወሩ ሊሞላ ሲል መጠይቅ የያዘች ወጣት መጣችና ገበሬዎቹን ሽንኩርት ማሳው ዳር፣ የውሃ ፓምፑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

"ከእንግዲህ በክፍያ ነው" አለች። "በጽሑፍ ለሚፈልግ ርካሽ ነው። በድምፅ ለሚፈልግ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከመንደሩ ለድምፁ ቢያንስ ሁለት ሰው ካልተመዘገበ ግን ድምፁን እናቆመዋለን።"

"ውድ ደንበኛችን ስትለን የከረመችው ለካ ዋጋችንን እየነገረችን ኖሯል" አለ ባለፓምፑ። የጋሽ ፊደል ጎረቤት ነው።

ሁሉም ሳቁ። ሁሉም በጽሑፍ ተመዘገቡ። ጋሽ ፊደል ብቻ ከኋላ ቆመው ነበር፤ አልሳቁም፣ አልተመዘገቡም።

ወጣቷ ወረቀቷን ገለጠች። "እዚህ መንደር በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ኮከብ የሚጫን አንድ ቁጥር አለ። መልእክታችን ግልጽ አይደለም ማለት ነው ብለን ተጨንቀናል። የማን ይሆን?"

ጋሽ ፊደል እንደ ተማሪ ልጅ እጃቸውን አወጡ።

"ምኑ ነው ያልገባዎት፣ አባባ?"

ያልገባቸውን ነገር ፈለጉ፤ አጡ። ቤቱ ጭር ይልብኛል ይበሉ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?

"እንግዲያው ጽሑፉ ይሻልዎታል። ደጋግመው ማንበብ ይችላሉ" አለች ልጅቷ በቅንነት።

"ማንበብ አልችልም" አሉ ጋሽ ፊደል።

ባለፓምፑ "ጋሽ ፊ..." ብሎ ጀመረና ዋጠው። ወታደር ቤት ሳለ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ለእናቱ ቁጭ ብለው ያነበቡላት እኚህ ሰው ናቸው። አያቸው። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

"እኔንም ወደ ድምፁ አዙሪኝ" አለ ለልጅቷ።

"አንተም ማንበብ አትችልም?"

"እችላለሁ። ሰነፍ ነኝ።"

እሱ ፈረመ። ጋሽ ፊደልም እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ እስክሪብቶው ሄደ፤ ልጅቷ ግን የቀለም መርገጫውን ከፍታ ዘረጋችላቸው። "የእርስዎ አሻራ ነው፣ አባባ።" ከቆሙት ውስጥ ግማሾቹን እስክሪብቶ አያያዝ ያስተማረው አውራ ጣት ሰማያዊ ሆኖ ወረቀቱ ላይ አረፈ። የቆሙት ሁሉ ዓይናቸውን ወደ ሽንኩርቱ መለሱ።

ሁለቱ ጎረቤታሞች በቦዩ ዳር ዳር አብረው ተመለሱ። መለያያቸው ጋ ሲደርሱ ባለፓምፑ "ኮከቡን የሚጫኑት በዚያው ጣት ነው?" አላቸው።

"በዚያው ነው።"

ሌላ ነገር ሊጠይቃቸው ፈልጎ ነበር። ከብቶቹን ውሃ ሊያጠጣ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ቀለሙ በሳሙናም አልለቀቀም። ስልኩ ጠራ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ደንበኛችን።"

"አዎ፣ ዛሬስ ውድ ነኝ" አሉ በዝምታው ውስጥ። ሊስቁ ፈልገው ነበር፤ አብሯቸው የሚስቅ ሰው ግን አልነበረም። እሷ ስለ ዝናቡ ቀጠለች። "ከሰዓት በኋላ" ልትል ትንፋሿን ስትስብ እሳቸውም አብረው ሳቡ፤ ከዚያ በሰማያዊው ጣታቸው ኮከቡን ተጫኑ።