ግድግዳችን ላይ የነበረው «ጥቂት»

ልጅ ሆኜ ላፍቶ የነበረው የጭቃ ቤታችን ግድግዳው ወሬኛ ነበር። አባዬ ዘበኛ ከሆነበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ጋዜጣ ይዞ ይመጣል፣ እማዬ ዱቄት አፍልታ ሙጫ ትሠራለች፣ ለፋሲካ ግድግዳው ዙሪያውን ይለጠፋል። ያ ሙጫ ሲደርቅ የሚሸተው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። በረሮውማ ከኛ እኩል ነበር የሚፈስከው!

የምሥራቁ ጦርነት አለቀ በተባለበት ዓመት የለጠፍነው ሁሉ የድል ወሬ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሙሉጌታ ግን እንደዘመተ ድምፁ ጠፍቷል። የሰው ልጅ ይመለሳል፣ የኛው የለም። እማዬ ሌሊት እንቅልፍ አልነበራትም።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ታናናሾቼን አዝዬ ነው ያደግኩት። የጎረቤታችን ልጅ ጽጌ ግን ተማሪ ናት፣ ግድግዳውን ታነብልኛለች። የጠላት ሲሆን «ብዛት ያለው ጦር ተደመሰሰ»፣ የኛ ሲሆን «ጥቂት ጉዳት ደረሰ»። ሁሌ ጥቂት! መልኩን ለይቼ ያወቅኩት ቃል እሱን ብቻ ነው። በኛ ቤት ጥቂት ማለት ለልጅ የሚዘገን ቆሎ ነው። የጋዜጣውስ?

«ጽጌ፣ ጥቂት ስንት ሰው ነው?»

«አልተጻፈማ!»

«ታዲያ ምን ልትማሪ ነው የምትሄጂው?»

«ሂጂና ራስሽ ጠይቂ፣ አንቺ ነገረኛ!»

አባዬን ብጠይቀው በር በሩን እያየ፣ «ዝም በይ፣ ቀበሌ ልታስጠሪኝ ነው?» አለኝ። እማዬ ግን ሥራዋን ትታ መጣች። «የቱ ነው እሱ? እስቲ አሳዪኝ» አለች። አሳየኋት። እሷም እንደኔው ፊደል አታውቅም፤ እንዲያው በጣቷ ዳበሰችው።

ክረምት ሲገባ ጋሼ ሙሉጌታ በክራንች እየተደገፈ መጣ፣ አንድ እግሩ የለም። ቤቱ እልልታና ለቅሶ ሆነ። እኔ መች አስችሎኝ! እጁን ጎትቼ ግድግዳው ጋ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ አንተ ከጥቂቶቹ ነህ እንዴ?»

እማዬ ቆነጠጠችኝ። እሱ ጎንበስ ብሎ አነበበና ሳቀ፤ ክራንቹ እስኪወድቅ ሳቀ።

«አዎ እቴ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ሆስፒታሉ ግን አልበቃን ብሎ ኮሪደር ላይ ነበር የተኛነው።»

እማዬ ክራንቹን አንስታ አቀበለችው። «የነዚያስ እናቶች ሰምተዋል?» አለችው።

ዛሬ ግድግዳዬ ቀለም የተቀባ ነው፤ ወሬው ሁሉ የልጅ ልጆቼ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ሲያነቡልኝ እዚያች ቃል ላይ ሲደርሱ አስቆማቸዋለሁ። «ስንት ናቸው? የማን ልጆች?» ስላቸው፣ «ኧረ እማማ፣ እሱ የለበትም!» ብለው ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን ከዚያች ቃል ውስጥ ወጥቶ የመጣ ወንድም ነበረኝ፤ እሱን ጠየቅኩት። ዛሬ ማንን ልጠይቅ?