ጅቡቲ ላይ ቅዳሴ ስንጠብቅ

ባለፈው ሳምንት እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ፒያሳ ወሰደኝ። ዶሮ ማነቂያ ቤታችን የነበረበትን ቦታ ልየው ብዬ ነው፤ ግን ከየት ጀምሬ ልፈልገው? ያ ሰው ከሰው ተሻሽቶ የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ተነስቶ ሰፊ አስፋልት ሆኗል። የእናቴ ጉሊት እዚህ ጋ ይሆን፣ እዚያ ጋ ይሆን እያልኩ ስዞር፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ከሚጫወቱት ልጃገረዶች አንዷ የጠለዘቻት ኳስ በቀጥታ ወደ ፊቴ መጣች። ዘንቢሌን መቼ እንደጣልኩት አላውቅም። ብቻ ኳሷ ደረቴ ላይ፣ በሁለት እጄ መሃል ነበረች።

«እንዴ! እማማ በረኛ ናቸው!» አለች አንዷ እየሳቀች።

አዎ፣ ነበርኩ።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደሉንም የቆጠርኩት ኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ነው። እናቴ ጉሊት ሽሮና በርበሬ ትሸጣለች፤ እኔ እሸከማለሁ፤ በመሃል እየሾለክሁ ከሰፈር ወንዶች ጋር ኳስ እጫወታለሁ። በረኛ የሆንኩት ከነሱ ማንም በረኛ መሆን ስለማይወድ ነው። በኋላ ቀበሌያችን የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም በረኛ ፍለጋ ብዙ አልደከሙም።

አንድ ክረምት ጅቡቲ ያሉ የባቡር ሠራተኞች ልጆች፣ እነሱም የሴቶች ቡድን አላቸው፣ ኑና ግጠሙን አሉን። እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«ሴት ልጅ ኳስ ይዛ ሰው አገር!»

ስንት ቀን ለመንኳት። በመጨረሻ፣ በርበሬዋን እየነፋች፣ ቀና ሳትል ተናገረች። «ሂጂ። ተሸንፈሽ ከመጣሽ ግን ከዚያ ወዲያ ኳስ የሚባል ነገር ባይኔ እንዳላይ። ደግሞ ፍልሰታ ነው። ጾምሽን ገድፈሽ እንዳትመጪብኝ።»

እናቴ አንዴ ያለችውን አታጥፍም። ስለዚህ ጅቡቲ ለሌሎቹ ሽርሽር ቢሆን ለኔ የኳስ ዕድሜዬ የሚቆረጥበት ነበር። ዘመኑ ደግሞ የጾም ነገር ጮክ ተብሎ የማይወራበት ነው፤ ቢሆንም ሁላችንም በየሆዳችን ለእመቤታችን ተስለናል። እንድናሸንፍ ነዋ!

ባቡሩ ከለገሃር ሲነሳ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድበው ነበር። አዋሽን ስናልፍ ሹራባችንን አወለቅን። በየጣቢያው ሴቶች ብርቱካንና የተቀቀለ ድንች በሰፌድ ይዘው ወደ መስኮታችን ይሮጣሉ። እንገዛለን፤ ጭናችን ላይ እንከምራለን፤ አንነካም። አሠልጣኛችን ጋሽ መርዕድ፣ በሙያው ፀጉር አስተካካይ ነው፣ እያየን ተቃጠለ።

«መንገደኛ አይጾምም! ቄሱም ይፈቅዳሉ!»

«ቄሱስ ይፍቀዱ ጋሼ፣ የኔን እናት ማን ያስፈቅዳት?» አልኩት።

ትንሽ ቆየና የእጅ ሰዓቱን አየት አድርጎ፣ «ዘጠኝ ሞላ፤ ብሉ!» አለ። ደስ ብሎን ብርቱካን ልንልጥ ስንል አጥቂያችን ትርንጎ አንገቷን በመስኮት አወጣች። ፀሐይ አናታችን ላይ ናት።

«ጋሼ፣ ሰዓትህ ከባቡሩ ቀድማ ጅቡቲ ገባች እንዴ?»

ፉርጎው በሳቅ ተናጋ። አዙሯት ኖሯል! ከዚያ ወዲያ ያቺን ሰዓት ያመነ ሰው የለም።

ጅቡቲ አየሩ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው፤ ስትተነፍሺው ያቃጥላል። ጨዋታው በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። የዚያን ቀን ለምሳ አስተናጋጆቻችን በትልልቅ ትሪ ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረቡልን። ማንም እጁን አልሰደደም። አምበላቸው ሐሊማ ድሬዳዋ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከኛ ይፈጥናል። ወገቧን ይዛ መጣች።

«ምን ጎደለው? ሩዛችን ድንጋይ አለው?»

«ኧረ እግዜር ይስጥልን። ፍልሰታ ነው፤ ሥጋ አንበላም። ሌላውንም ቢሆን ቅዳሴ ሳይወጣ አንቀምስም» አልኳት።

«እዚህ ማን ቀድሶላችሁ ነው የሚወጣው?»

እውነቷን ነው። እኛ አገር ነጠላ የለበሰ ሰው ከጊዮርጊስ ሲወርድ አይተን ነው የምናውቀው። እዚህ ያለው ባሕር ብቻ ነው። ጋሽ መርዕድ ቀስ ብሎ እጅጌውን ሰብሰብ ሲያደርግ፣ «ሰዓትህን ተዋት!» ብለን በአንድ አፍ ጮህንበት።

ታሪኩን ስንነግራት ሐሊማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለች። «እኛም ረመዳን ላይ እንዲሁ ነን። የከሰዓት በኋላው አዛን ሲሰማ ዘጠኝ አልፏል ማለት ነው። አዛን እንደ ሰውዬው አይዋሽም።»

ሥጋውን አስነሳች፤ እናቷን ፉል በዘይት አሠራች። ከዛ ዳኛው ዘንድ ሄዳ ተሟገተች። «እንግዳ አስርቤ አሸነፍኩ ልበል? ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እንጫወት!» ጨዋታው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተገፋ።

አዛኑ ሲሰማ አማትበን ውሃ ጠጣን። እንደዚያች ውሃ የጣፈጠኝ ነገር እስከ ዛሬ የለም። ፉሉ ተከተለ፣ ቴምሩ ተከተለ።

ትርንጎ ገና ሳንሟሟቅ አገባች። ከዚያማ እነሱ እንደ ጎርፍ ወረዱብን። ሰዉ ይጮኻል፣ አሸዋው ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ጉልበቴ ተልጧል፤ ኳሷን ግን አላሳልፍም። ሊያልቅ ሲል አንዷ ተከላካያችን ኳሷን በእጇ ነካቻት። ፍፁም ቅጣት ምት። መቺዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሐሊማ።

ኳሷን እያስተካከለች፣ «ቴምሬን በልተሽ እንዳታስቀይሚኝ» አለችኝ።

«በልቼ ነው የቆምኩት፤ ምቺ!»

እናቴ በርበሬ ስትነፋ ታየችኝ። ሐሊማ ስትንደረደር ዓይኗን ሳይሆን እግሯን አየሁ፤ የሰፈር ወንዶች ያስተማሩኝ ይኸንኑ ነው። በግራ ወደቅሁ። ኳሷ መዳፌን ገርፋ ወደ ውጭ ወጣች። መጀመሪያ መጥታ ያነሳችኝ ትርንጎ እንዳትመስላችሁ። ሐሊማ ናት። «ቀሽም! ቴምሬን መልሺ!» እያለች አቀፈችኝ።

ለገሃር ስንደርስ ጉሊቷን ዘግታ የማታውቀው እናቴ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች።

«ጾሙስ?» አለችኝ ከሰላምታ በፊት።

«አልገደፍኩም።»

«ኳሱስ?»

«አልገባብኝም።»

ዞር አለች። ጃንጥላውን አናቴ ላይ አድርጋ እሷ ዝናብ እየመታት እስከ ዶሮ ማነቂያ ሄድን፤ ላገኘችው ሁሉ፣ «በረኛዋ ናት!» እያለች።

ዛሬ ጉሊቱም፣ እናቴም፣ ያ መንገድም የሉም። ሰፈር ይፈርሳል፤ ይሁን። ግን እጄ ኳሷን ሲይዛት ሁሉም ነገር መዳፌ ውስጥ ነበር፤ አሸዋው፣ ዝናቡ፣ የእናቴ ድምፅ።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና የልጆቹ ጎል በሆኑት ሁለት ድንጋዮች መሃል ቆምኩ። ልጅቷ አዝናልኝ ቀስ አድርጋ መታች። ይዤ ወረወርኩላት።

«እንደ ሐሊማ ምቺ!» አልኳት።

ሐሊማ ማን እንደሆነች አልጠየቀችኝም። ወደ ኋላ ብዙ ራቀች፤ ተንደረደረች።