የተረኛው እንቅልፍ

ክረምቱ ሲገባ የመተማ ጥቁር አፈር ፋታ አይሰጥም። ዝናቡ ሳይከብድ ሰሊጡ ካልተዘራ ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ አንዱን ትራክተር ለሁለት እየተፈራረቅን ቀንም ሌሊትም እንነዳ ነበር። እንቅልፍ ባገኘንበት ሰዓት ነው፤ ዛሬ ጠዋት፣ ነገ ቀትር ላይ። እኔማ በዚህ እኩራራ ነበር። ገንዳ ውሃ ከተማ ቤቴ ስገባ እንቅልፍ የሰነፍ ነው እያልኩ ባለቤቴን አበሽቃታለሁ።

እኛ ሹፌሮች የተኛ ሰው አንቀሰቅስም። ተራው ደርሶ ካልነቃ ጓደኛው ደርቦ ይነዳለታል፤ ከዚህ የሚበልጥ ውለታ አልነበረንም። ተፈራራቂዬ ሳቂታ ጎጃሜ ነበር፤ ወባ እንኳ የማይደፍረው ጤነኛ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ተራው ደርሶ ብመጣ ከተሳቢው ጥላ ስር ተዘርሯል። አሳዘነኝና ደረብኩለት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃ ይዤለት ስመለስ ገላው ደርቆ ነበር።

አንዱ እባብ ነው አለ፣ ሌላው ሙቀት ነው አለ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ግን እንዴት እንደምንተኛ ጠየቀኝ። ምን እንደገደለው በእርግጠኝነት መናገር እንደማይችል፣ ሆኖም እንዲህ የተቆራረጠ እንቅልፍ ልብን እንደሚጎዳ፣ አንዳንዴም ሰውን ሳያሳምም እንደሚወስድ ነገረኝ።

ምን ነክቶኝ ይህን ለባለቤቴ እንደነገርኳት አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ቤት ገብቼ ጋደም ባልኩ ቁጥር ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች። ልትገድዪኝ ነው እንዴ እያልኩ እጮህባታለሁ፤ እሷ ድምፄን በመስማቷ ደስ ይላታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ። ዓይኔ ሊከደን ሲል ልቤ ይደልቃል፤ ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ።

በመጨረሻ በጭነት መኪና ተሳፍራ እርሻው ድረስ መጣች። ሠራተኛው ሁሉ እያየ ከጎንደር በመጡት ባለ እርሻ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ቀኑን ይንዳልዎት። ሌሊቱን ግን ይተዉለት፤ ይተኛበት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውየው ግን አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና እሺ አሉ።

የሌሊቱን ተራ አንድ ወሎዬ ያዘው። ቀን ደግሞ የዘር ጆንያ ሲያወርድ ይውላል። እኔ በጊዜ ካምፕ ገብቼ እጋደማለሁ፤ እንቅልፍ ግን በዓይኔ አይዞርም። የትራክተሩን ድምፅ እየተከተልኩ አነጋለሁ። ሲቆምብኝ እነሳና ወሎዬውን ሄጄ አየዋለሁ። ከወሎ ብቻውን ነው የመጣው፤ ባለ እርሻው ፊት የሚቆምለት ሰው አልነበረውም።