ሐጂ ውሃ የጠየቁ ዕለት

የታሰርኩት እህል በረንዳ አጠገብ፣ በተወረሰ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የጤፍ ብናኝ ነበር፤ ሰዎቹን ያየኋቸው አስነጥሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። እግር ለመዘርጋት እንኳ ተራ ይጠበቅ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አብረውን ታስረው የነበሩትን ሐጂን ከሆስፒታል መለሷቸው። ሸማ ተራ ጋቢ ሲሸጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አንጀታቸው ተጠምዝዞ ሆዳቸው በቀዶ ጥገና ከተከፈተ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነበር።

በደስታ ብዛት ጥፋት ሠራን። ምሳ የምንበላው አንድ ላይ ነው፤ ከሐጂ ጋር እንድንቋደስ ብለን ቤተሰቦቻችን ሥጋውን ትተው ሽሮ እንዲያመጡልን ልከንባቸው ነበር። ያን ቀን ሁላችንም ልናጎርሳቸው ተሻማን። ሐኪሙ እህል እንዳይቀምሱ አስጠንቅቋቸው ነበር፤ ለካ የሰው እጅ መመለስ ነውር ሆኖባቸው ነው ዝም ያሉት። እኔ ደግሞ ከሁሉም ብሼ፣ "አንድ ያጣላል" ብዬ ደገምኳቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ፣ አስመለሳቸውም።

ከመካከላችን ሆስፒታል ቁስል ሲያጥብ የኖረ አንድ ድሬሰር ነበር። ጆሮውን ሆዳቸው ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠና ምንም ድምፅ የለም አለን። አንጀት በቀዶ ጥገና ሲነካካ ሥራ ያቆማል፤ ዕድሜ ሲገፋ፣ የማስታገሻው መርፌ ሲበዛ፣ በሽተኛው ከተኛበት ሳይነሣ ሲቀር ደግሞ መመለሱ ይዘገያል ብሎ አስረዳን። አየር ከወጣ አንጀቱ ሥራ ጀመረ ማለት ነው፤ እንዲህ እንደታሰረ ከቀረ ግን ይገድላቸዋል። ጠባቂውን ሆስፒታል መልሷቸው ብለን ለመንነው፤ ነገ ይታያል አለ።

"ሐጂ፣ አየር ወጣልዎ?" አላቸው ድሬሰሩ ጎንበስ ብሎ።

"በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ከዚያስ ሞቴ ይሻላል።"

በማግስቱም ጠባቂው አልመጣም። ድሬሰሩ እህል ከለከላቸው፤ መራመድ አለባቸው አለ። ግን በየት በኩል? ሁላችንም ተነሥተን ግድግዳው ላይ ተለጠፍን፣ መሐሉ መንገድ ሆነ። አብሮን የታሰረ አንድ ተሸካሚ ደግሞ፣ "ሽማግሌ እንዲህ አይታይም፣ ዙሩ" አለን። ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን።

ሐጂ በቀትር ለሶላት የሚታጠቡትን ውዱእ አድርገው፣ ተቀምጠው ሰገዱ። አብሬያቸው ስኖር እንደተማርኩት ውዱእ በእንቅልፍ፣ በሽንት ወይም በአየር ይፈርሳል፤ ካልፈረሰ በዚያው ለሚቀጥለው ሶላት ይቆማሉ። ከዚያ ድሬሰሩን ተደግፈው ይመላለሱ ጀመር። እኔ ግድግዳውን እያየሁ የእግራቸውን ኮቴ አዳምጥ ነበር። በእኔ ጉርሻ ሊሞቱ ነው ብዬ በጣም ፈራሁ።

ከቀትሩ ቀጥሎ ያለው የዐሥር ሶላት ሰዓት ሲቃረብ ኮቴው ቆመ።

"ልጆች፣" አሉ በቀስታ፣ "ለውዱእ የሚሆን ውሃ ይኖራችኋል?"

አልተኙም። ለሽንትም አልወጡም። ማንም አልሳቀም፤ ከግድግዳው ዘወር ስንል ድሬሰሩ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርግ ነበር። የቀረን የምንጠጣው ውሃ ነበር፤ ሁሉም ከየጣሳው ቀነሰላቸው። እጃቸው ላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ቆጥቤ ሳቆም ቀና ብለው አዩኝ።

"አንድ ያጣላል" አሉኝ።

ሐጂ ከወራት በኋላ በእግራቸው ሄደው ከዚያ ወጡ።

አምና እኔም ሆዴን ተከፈትኩ። ነርሷ በየጠዋቱ፣ ጠያቂ በተሰበሰበበት፣ "ጋሼ፣ አየር ወጣ?" ትለኛለች። በአራተኛው ቀን ልጄን ውሃ አምጪልኝ አልኳት።

"ጠማህ እንዴ አባዬ?"

"አይ፣ እጄን ልታጠብ ነው።"

እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። ድገሚኝ አልኳት።