የቬርና ቲልሪ ዓመታዊ ሪፖርት

ቬርና ቲልሪ በስድሳ ሦስት ዓመቷ የኩባንያ ባለቤት የሆነችው ሳታስበው ነው። ባሏ ዶይል በኦክቶበር ወር ሥራ ላይ ሳለ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ በዚያው አልተነሳም። የቀራት አንድ የመቆፈሪያ መኪና፣ አንድ የውኃ ቦቴ፣ ሁለት ሠራተኞችና ከቤቷ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ቢሮ ነበር። የቢሮዋ በር ላይ «ቲልሪ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ» ተብሎ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል።

በሰሜን ፍሎሪዳ፣ እነሱ በሚኖሩበት የጥድ አገር፣ ቲልሪ ያልቆፈረው ጉድጓድ ጥቂት ነው። ቬርና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስልክ ስታነሳ ኖራለች። ውኃው የተበላሸ እንቁላል ሸተተኝ ብሎ የሚጮኸውን ደንበኛ ታረጋጋለች፤ ፓምፑ የቆመበትን ሰው ዛሬ ደርሰንልሃል ትላለች። ወረቀት ግን የዶይል ነበር። «የመንግሥትን ነገር ለእኔ ተይው» ይላት ነበር፤ እሷም ትተወው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ፖስታ መክፈት ራሱ ፍርሃት ሆነባት። በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ የሱ ስም ነበረና።

በማርች ወር የመጣውን ደብዳቤ የከፈተችው ከላዩ ላይ እንደ መንግሥት ማኅተም ያለ ንስር ስላየችበት ነው። ንስሩ ክንፉን ዘርግቷል፣ ከሥሩ የኩባንያው ስምና የመዝገብ ቁጥር ሳይሳሳት ሰፍሯል። «የዓመታዊ ሪፖርት ማሳሰቢያ» ይላል። ሁለት መቶ ዘጠና ዶላር ካልከፈሉ ኩባንያዎ ሊፈርስ ይችላል ይላል። ዶይል በየዓመቱ የኩባንያው ምዝገባ እንዲታደስ እንዲህ ያለ ነገር ለግዛቱ ያስገባ እንደነበር ታውቃለች። ቼክ ጻፈች፣ ላከች። ቼኩ በሳምንቱ ተመነዘረ። ያን ቀን ለራሷ «አየሽ፣ ትችያለሽ» አለች።

ከዚያ ሜይ አንድ ሆነ፤ ሐሙስ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የካውንቲው አስተዳደር ጸሐፊ ደወለች። የገጠሩ ትምህርት ቤት ጉድጓድ ስለተደረመሰ አዲስ የሚቆፍር ተፈልጎ ጨረታውን ቲልሪ አሸንፎ ነበር። የዚያ ዓመት ትልቁ ሥራ እሱ ነው። እሱ ከሌለ ሁለቱን ሠራተኞች ማቆየት አይታሰብም።

«ወይዘሮ ቲልሪ፣ ውሉን ለሰኞ ፊርማ ላዘጋጅ ብዬ መዝገባችሁን ባየው የዘንድሮው ሪፖርት አልገባም» አለች ጸሐፊዋ።

«ገብቷል እንጂ! በማርች ከፍዬ!»

«ለማን እንደከፈሉ አላውቅም። እኔ የማየው የግዛቱን መዝገብ ነው። እዚያ ላይ ያለው የመጨረሻው ሪፖርት የዓምናው ነው።»

«ቼኩ እኮ ተመንዝሯል፣ እህቴ።»

«ይስሙኝ፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ የአራት መቶ ዶላር ቅጣት አለው። ቅጣቱ የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ሪፖርቱ ያልገባ ኩባንያ ይዤ ሰኞ የካውንቲው ቦርድ ፊት አልቆምም። ሁለተኛ የወጣው ድርጅት ይተካል።»

ቬርና ስልኩን ዘጋች። የማርቹን ደብዳቤ ከፋይል አወጣች፤ ከንስሩ ሥር ስልክ ቁጥር አለ። ደወለች።

ገና ሁለቴ ሳይጠራ አንድ ወጣት ሰው አነሳው። ድምፁ ማር ነው።

«እመቤቴ፣ ደግ አድርገው ደወሉ! የእርስዎን ጉዳይ አሁን ነው የማየው። ክፍያዎ ደርሷል፤ ግን ሥርዓቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እኔ እዚሁ እጨርስልዎታለሁ። የማስለቀቂያ ትንሽ ክፍያ ብቻ ናት።»

«ዛሬ ካልገባ ሥራ አጣለሁ፣ ልጄ።»

«ስለዚህ ስልኩን እንዳይዘጉ። ከዘጉ ተራዎ ያልፋል፤ ከኋላዎ አራት መቶ ሰው አለ። ካርዱን ይዘዋል?»

ይዛለች። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮች አነበበች። እሱ ደገመላት። ቀጣዮቹን አራት አነበበች። እሱ ደገመላትና፣ እግረ መንገዱን እንደሚያጫውት ሰው፣ እንዲህ አለ፦

«ደግሞ አይጨነቁ። ባለቤትዎ ሚስተር ዶይል ባለፈው ማክሰኞ ደውለው ሁሉንም ነገር አጽድቀውልናል።»

ቬርና ቁጥር ማንበቧን አቆመች። ከውጭ ሠራተኛዋ ክሊዮን የመቆፈሪያ መኪናውን ግራሶ ሲወጋ ይሰማል፤ ጭቅ፣ ጭቅ። ክሊዮን ከዶይል ጋር አስራ ዘጠኝ ዓመት የቆፈረ ሰው ነው።

«ማክሰኞ?» አለች።

«አዎ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። በጣም ጥሩ ሰው ናቸው።»

ማንም ያልጠበቀውን፣ እሷም ራሷ ያልጠበቀችውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ድምፁ እንዴት ነበር?»

«እንዴት... ደህና ነበሩ እመቤቴ። ደስተኛ ነበሩ።»

ለአንድ ትንፋሽ ያህል አመነችው። ውሸት መሆኑን እያወቀች ነው ያመነችው። ሰባት ወር ሙሉ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው አላገኘችምና፣ ይህ የማታውቀው ልጅ ሰምቼዋለሁ ሲላት ልቧ ዘሎ ሄደለት። ከዚያ ተመለሰ። ሲመለስ ግን ተናዶ ነበር።

«ባሌን ኦክቶበር ላይ ነው የቀበርኩት» አለችና ዘጋችው።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። አላነሳችውም። እንደገና ጮኸ። ክሊዮን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለ። ፊቷን አየና ምንም ሳይጠይቅ ስልኩን አነሳ። ማሩ ድምፅ አሁን ኮምጣጤ ሆኗል፤ ኩባንያው ዛሬ ይፈርሳል፣ ክስ ይመሠረታል፣ ሚስተር ዶይልን አቅርቡልኝ ይላል።

«ዶይልን ፈልገህ ነው?» አለ ክሊዮን ረጋ ብሎ። «እሺ፣ ቆይ ቆፍሬ ላውጣልህ። ሥራዬ ነው።»

ቬርና በድንጋጤ አየችው። ከዚያ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊቀየር ሲል ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ስምንት ቁጥር ሰጥቼዋለሁ፣ ክሊዮን።»

«ስንት ነው ጠቅላላው?»

«አስራ ስድስት።»

«እንግዲህ ግማሽ ሌባ ነው ያደረጉት። ባንክ ይደውሉ። እኔ የደንበኛችንን የሚስ ሃተንን ፓምፕ ልይና እመለሳለሁ፤ ካልሄድኩ ሴትዮዋ በቁሜ ትበላኛለች።»

ባንኩ ጋ መስመር ላይ ሆና ሙዚቃ ስትሰማ ሁለት ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ያነሳችው ሴት የማርቹ ቼክ ገንዘብ መመለሱን እንደምትጠራጠር ነገረቻት፤ ካርዱን ግን ለጥንቃቄ ወዲያው ዘጋችው።

ቀጥላ ኮምፒውተሩን ከፈተች። «የፍሎሪዳ ዓመታዊ ሪፖርት» ብላ ጻፈች። የመጀመሪያው ገጽ ንስር አለው። ሁለተኛውም አለው። ሦስተኛው ባንዲራ ጨምሮበታል። የመጀመሪያውን ስትከፍት ሦስት መቶ አርባ ዘጠኝ ዶላርና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሯን ጠየቃት። እጇን ከማውዙ ላይ እንደ ጋለ ብረት አነሳችው። አንዴ የተታለለ ሰው ክፋቱ ይህ ነው፤ ሐሰተኛውን ብቻ ሳይሆን እውነተኛውንም መጠርጠር ይጀምራል። የቱ መንግሥት ነው? ማንን ትጠይቅ? ቦርሳዋን አንስታ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሐሙስ የሚዘጋው በአስራ አንድ ሰዓት ነው። ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ከኮምፒውተሮቹ አጠገብ የምትሠራው ሮዝሊን ፒየር የምትባል፣ ወላጆቿ ከሄይቲ የመጡ፣ ጸጉሯን በቢጫ ሻሽ ያሰረች ወጣት ናት። ቬርና ደብዳቤውን ፊቷ ዘረጋችው።

«ልጄ፣ ይሄ እውነት ነው ወይስ ሌባ?»

ሮዝሊን ንስሩን አልፋ በቀጥታ ወደ ገጹ ግርጌ ወረደች። ጣቷን አንዲት ደቃቅ መስመር ላይ አሳረፈች።

«እናቴ፣ እዚህ ጋ ያንብቡልኝ።»

ቬርና መነጽሯን ከፍ ዝቅ አደረገች። «ድርጅታችን... የመንግሥት... መሥሪያ ቤት አይደለም።»

«በዚህ ሰሞን እርስዎ አራተኛዬ ነዎት። ግዛቱ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በፖስታ አይልክም። እንዲህ ያለ ክፍያም የለም፤ እንደ እርስዎ ላለ ኩባንያ ክፍያው መቶ ሠላሳ ስምንት ዶላር ከሰባ አምስት ሳንቲም ነው።» ወንበር ሳበችላት። «በመፈለጊያ አንገባም። ከላይ ያሉት ከፍለው የወጡ ናቸው። የመንግሥቱን አድራሻ በእጃችን እንጽፋለን።»

ገጹ ሲከፈት ቬርና አላመነችውም። ንስር የለው፣ ጩኸት የለው፤ እንደ ሐኪም ቤት ግድግዳ የደበዘዘ ነገር ነው። የኩባንያውን ስም ሲጽፉ ግን ሁሉም ወጣ፤ የቢሮዋ አድራሻ፣ የተመሠረተበት ቀን፣ ከዚያም በትልልቅ ፊደል፦ ሥራ አስኪያጅ፣ ዶይል ቲልሪ።

«እሳቸው አሉ?» አለች ሮዝሊን።

ቬርና የለም ስትል ራሷን ነቀነቀች።

«ይቅርታ። ስማቸውን ማውጣት አለብን፣ እናቴ። ቀስ ብለው። ብቻ ከገባ በኋላ ማረም ሌላ ጣጣ ስለሆነ ትክክል ይሁን።»

ከስሙ አጠገብ «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ አለ። ቬርና የመቃብር ድንጋዩን ጽሑፍ ስትመርጥ አላለቀሰችም። ልብሱን ለቤተ ክርስቲያን ስትሰጥ አላለቀሰችም። እዚህች ቁልፍ ላይ ደርሳ ጣቷ አልታዘዝ አላት። ሮዝሊን ዞር ብላ መጻሕፍት የምታስተካክል መሰለች። የግድግዳው ሰዓት አስር ሰዓት ከሃያ ይላል። ቬርና ተጫነችው። ቦታው ባዶ ሆነ። ባዶው ላይ ፊደል በፊደል «ቬርና» ብላ ጻፈች።

ሁለቴ አነበቡት። ፊርማው ስምን መጻፍ ብቻ ነበር። ክፍያው ላይ ሲደርሱ ቬርና ቦርሳዋን ከፈተች፤ ካርዱን አወጣች፤ አስታወሰች።

«አዘግቼዋለሁ» አለች። «በገዛ እጄ፣ ቅድም።»

«ሌላ የለዎትም?»

«የለኝም።»

ገጹ ላይ ሰዓት ቆጣሪ አለ፤ ካልተከፈለ የጻፉት ሁሉ ይጠፋል። ቬርና ወደ ክሊዮን ደወለች። አያነሳም። ደግማ ደወለች። ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ስልክ እንደማይሰማ ታውቃለች፤ ዶይልም እንዲሁ ነበር። በአራተኛው አነሳው።

«ክሊዮን፣ ካርድ አለህ?»

«የምን ካርድ? የመጫወቻ?»

«ቀልድህን ተውና ቤተ መጻሕፍት ና! አሁኑኑ!»

አስር ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ በሩ ተበረገደ። ክሊዮን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ምንጣፉ ላይ እግሩ ያረፈበት ሁሉ ግራጫ ሆነ።

«ይሄን ምንጣፍ ማን ነው የሚያጥበው?» አለች ሮዝሊን።

«እኔ ውኃ ላውጣ፤ የሚያጥበው ይጠብበት።» ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ጣለላቸው። «አስራ ዘጠኝ ዓመት እናንተ ከፈላችሁኝ፣ ወይዘሮ ቬርና። አንድ ቀን እኔ ብከፍል ሰማይ አይወድቅም።»

ሮዝሊን ቁጥሩን አስገባች። ክብ ነገር ስክሪኑ ላይ መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ። ሦስቱም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ሌላዋ ሠራተኛ መብራት ማጥፋት ጀምራለች። ከዚያ «ተቀብለናል» የሚል ቃል ወጣ። ከሥሩ የማረጋገጫ ቁጥር አለ፤ የቬርና ኢሜይልም በዚያው ቅጽበት ጮኸ።

ክሊዮን ወንበር ላይ ተዘረጋ። ሮዝሊን ግን ወደ መዝገቡ ተመልሳ የቀደሙትን ዓመታት ዝርዝር አሳየቻቸው፤ እያንዳንዱ ሪፖርት ከገባበት ቀን ጋር ተቀምጧል። ቬርና ከላይ ጀምራ በዓይኗ ወረደች። ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ፣ ጃንዋሪ። ወደ ታች ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ሜይ ዘጠኝ ይላል።»

«አዎ» አለች ሮዝሊን። «ያኔ ዘግይተዋል። አራት መቶ ተቀጥተዋል ማለት ነው። ከታቹም ሌላ አንድ አለ፤ ሜይ አስራ ሁለት።»

ቬርና ወደ ክሊዮን ዞረች። ክሊዮን ጣሪያውን ማየት ጀምሯል።

«ያንን ዓመት ዶይል ፓምፕ ተቃጠለብን ብሎኝ ነበር። አዲስ ፓምፕ አራት መቶ ዶላር ገዛሁ ብሎኝ ነበር።»

«እኔ ቆፋሪ ነኝ» አለ ክሊዮን። «ስለ ወረቀት አላውቅም።»

«ክሊዮን!»

«እሺ፣ አስምሎኛል! ሁለቱንም ጊዜ! ‹ቬርና ከሰማች ወረቀቱን ትነጥቀኛለች› አለኝ።»

ቬርና አሁን ሳቀች፤ ቅድም የጀመረችውን ዓይነት ሳቅ ሳይሆን ከሆዷ የወጣ። ከጠዋት ጀምሮ በውስጧ የሞላው እፍረት፣ ዶይል ቢሆን ኖሮ አይሳሳትም ነበር የሚለው፣ ከሳቁ ጋር ወጣ። «ውሸታም» አለች፣ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች። «አንተ ውሸታም።»

ሰኞ ውሉ ተፈረመ። የትምህርት ቤቱ ጉድጓድ በጁን መጨረሻ ውኃ ሰጠ። ሁለት መቶ ዘጠናው ዶላር አልተመለሰም፤ ለግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የጻፈችው ቅሬታ ደርሷል የሚል መልስ ብቻ አገኘች። በጃንዋሪ ሮዝሊን ትንንሽ ኩባንያ ያላቸውን ሰዎች በቤተ መጻሕፍቱ ሰብስባ ቬርናን ይንገሯቸው አለቻት። ነገረቻቸው፤ ስምንቱን ቁጥር ሳይቀር። ሰው ሲበተን አንድ ሣር የሚያጭድ ጎልማሳ ወደኋላ ቀረ። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ነበር።

«እኔም ከፍያለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለሚስቴ አልነገርኳትም።»

ቬርና አጠገቧ ያለውን ወንበር ጎተተችለት።

«ተቀመጥ» አለችው። «መጀመሪያ መዝገብህን እንይ። ለሚስትህ እንዴት እንደምትነግራት ከዚያ በኋላ እንመካከራለን።»