ሾፌሩ ያሰላው በረራ

ጡረታ የወጣው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር እደርሳለሁ ካለው ሰዓት አንድም ቀን አርፍዶ እንደማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርለታል። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ማታ አንድ ሰዓት የሚገባ ከሆነ ለሚስቱ "ሁለት ተኩል" ይላታል። ጎማ ሊፈነዳ ይችላል፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ አንዱ ተሳፋሪ ሆዱን ይዞ "አቁምልኝ" ሊል ይችላል። ሚስቱ ደግሞ ደቂቃ ካለፈ ልቧ ቀጥ የሚል ሰው ናት።

ሴት ልጃቸው በሌላ ከተማ መውለጃዋ ደርሶ "እማዬ፣ ድረሽልኝ" ስትል ቤቱ ታመሰ። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው፤ ምጥ ደግሞ አውቶቡስ አይጠብቅም። የአውሮፕላን ቲኬት ተቆረጠ። ሚስቱ ግን ሻንጣዋን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና፣

"ስንት ሰዓት አየር ላይ እንደምቆይ ካልነገርከኝ ንቅንቅ አልልም" አለች።

"ቲኬቱ ላይ ተጽፏል እኮ።"

"እሱ የነሱ ነው። አንተ ንገረኝ።"

ሰውዬው ደረቱን ነፋ። መነጽሩን አደረገና የግድግዳውን ካርታ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጠረ፣ ክሩንም ካርታው ግርጌ ባለችው መለኪያ ለካው። ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ይህን ጊዜ ተናደደ። እሱ ሲነዳው የኖረው መንገድ የዚህ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ዕድሜውን የበላው ኩርባ ነው ማለት ነው። ለአውሮፕላን ፍጥነት ሲያካፍለው ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ አለ። ያንን አፍ አውጥቶ መናገር ግን አልሆንልህ አለው። ለመነሻ ጨመረ። ለማረፊያ ጨመረ። ነፋስም አለ ብሎ ጨመረ። በመጨረሻም እጁ ለምዶበት ለጎማ ጨመረ።

"ሦስት ሰዓት ይፈጃል" አላት። "እሱ ሳይሞላ ከወንበርሽ እንዳትነሺ።"

በነጋታው ሸኝቷት ቤት እንደገባ አማቹ ደወለና ልጅቷን ምጥ እንደያዛት፣ እናቷንም እየጠራች እንደሆነ ነገረው። እሱን ዘግቶ ገና ሳይቀመጥ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"አንተ፣ ካልወረድሽ እያሉኝ ነው" አለች ሚስቱ በሹክሹክታ። "ሰዉ ሁሉ ወርዷል። ሰዓቱ ግን ገና ነው። ለሻይ የቆመ መሰለኝ፤ ብወርድ ጥሎኝ ቢሄድስ?"

ከኋላዋ አስተናጋጇ "እማማ፣ ደርሰናል እኮ" እያለች ስትለማመጥ ይሰማል።

"አብራሪው ራሱ መጥቶ ነግሮኛል" ቀጠለች። "ባሌ ሦስት ሰዓት ብሎኛል አልኩት።"

ሾፌሩ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ።

"ውረጂ፣ ደርሰሻል። ልጅሽን ምጥ ይዟታል።"

"ሦስት ሰዓት አላልክም?"

"ጨምሬበት ነው።"

"ለምን?"

"ጎማ ቢፈነዳ ብዬ።"

ከዚያ ደረጃ ስትወርድ ኮቴዋ ተሰማው።

"ያኔ ስትነዳም ትጨምር ነበር?"

አሁን መዋሸት እንደማያዋጣው ገባው። "ሁልጊዜ። እንዳትጨነቂ ብዬ።"

"እኔ ደግሞ ካልከው ሰዓት ቀድመህ ከች ስትል፣ ናፍቄህ ስትከንፍ የመጣህ ይመስለኝ ነበር። ለጎረቤት ሁሉ ያወራሁት እንደዚያ ነው።"

ሰውዬው ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

"ናፍቀሽኝማ ነበር" አለ። "እዚያ ላይ ምንም አልጨመርኩም።"

"በል ዝጋው፣ ልጄ ጋ ልድረስ" አለችው፤ ስልኩን ግን ራሷም ቶሎ አልዘጋችውም።