በሚስቴ ትከሻ ላይ የቆምኩበት በጋ

ሰው ሲያረጅ እፍረቱም አብሮት ያረጃል ይላሉ። ሐሰት ነው። ጥርሴ አለቀ፣ ጉልበቴ አለቀ፣ ይቺ እፍረት ግን እንደ ጥሩ ማር ስትቀመጥ እየጠነከረች መጣች። እንግዲህ ራሴው ልጻፋትና ትገላግለኝ። ብትስቁብኝ አልቀየምም። እኔም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበርኩ። ከወሎ አሞሌ ጨው ጭኜ፣ ዐባይን ተሻግሬ፣ አሶሳ ገበያ የደረስኩ የሲራራ ነጋዴ። ለጠየቀኝ ሁሉ «አገሩን ወድጄው ቀረሁ» እላለሁ እንጂ የቀረሁትስ በቅሎዬ ሞታብኝ ነው። እዚያው የአገሩን ልጅ አገባሁ። ሚስቴ አማርኛዋን ከገበያ የለቀመች ናት። ያላት ቃል ጥቂት ነው፤ አንዷም ግን ባክና አትወድቅም። እኔ ደግሞ ቃል ሞልቶ ተርፎኝ ነበር፤ ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው።

በተጋባን ሰሞን አንድ ቀን «ዐባይን እንዴት ተሻገርክ?» አለችኝ።

«ዋኝቼ ነዋ!» አልኳት።

እውነቱን ልንገራችሁ? የወንዙ ዳር ሰዎች በተነፋ አቁማዳ ላይ በሆዴ አስተኝተው፣ እንደ ጨው ጭነት በጠፍር ጠፍረው፣ ሁለት ዋናተኞች ግራና ቀኝ እየገፉ ነው ያሻገሩኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር የዐባይ ውሃ ምን እንደሚመስል እንኳ አላየሁም። ለእሷ ግን መሐል ወንዝ ላይ አዞ በእርግጫ መምታቴን ጨምሬ አወራኋት።

«አዞ? በእግር?»

«በግራ እግር» አልኳት። እንዲህ ያለ ዝርዝር ውሸትን ያሳምረዋል።

መጋቢት ገባ። የአሶሳ ሙቀት ቤት ውስጥ አያስቀምጥ፣ ደጅ አያስወጣ። ሚስቴ አንድ ጠዋት ምንጣፏን እየጠቀለለች «እናቴ አገር ውሃ አለ። ጨዋታ አለ። እንሂድ፣ እኔና አንተ» አለች። የእናቷ አገር ከሆሞሻ ወዲያ፣ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ልብ በሉ፤ ገበያ ትቶ ለመጫወት ብቻ መሄድ! እኔ ባደግሁበት ደጋ ሰው ከቤቱ የሚርቀው ለንግድ፣ ለለቅሶ ወይም ለክስ ነው። «ልጫወት ነው የምሄደው» የሚል ቢገኝ ሼኹ ዘንድ ወስደው ዱዓ ያስደርጉለታል። ሚስቴ ካለች ግን ሄድኩ። አንዲት አህያችንን ጫንን፣ ወጣን።

ቦታው፣ እንዲያው መዋሸት ስለሰለቸኝ እውነቱን ስናገር፣ ልብ የሚሰርቅ ነው። በጋ የማይደርቅ ጅረት በአንድ ዘባጣ ጥቁር አለት ላይ ይወርዳል። ውሃው ስንት ዘመን እየላሰው አለቱ እንደ ቅቤ ለዝቧል። ሰው አናቱ ላይ ወጥቶ፣ ቅጠል ጎዝጉዞ ይቀመጥና ራሱን ሲለቅ፣ ፉጭ! ብሎ ታች ካለው ጥልቅ ኩሬ ይገባል። ከጎኑ ያለ ትልቅ ሾላ ላይ ሐረግና ሽመል የሚሉትን ቀርከሃ አስረው ዥዋዥዌ ሠርተዋል፤ ሰውን ከውሃው በላይ ወርውሮ ይመልሰዋል። ከኩሬው ዳር እስከ ዳር ደግሞ ረጅም ሽመል አጋድመው ጎረምሶች በላዩ እየሄዱ ይገፋፋሉ። የወደቀ ይሳቅበታል፤ ያልወደቀም እስኪወድቅ ይጠበቃል። ወዲያ ሽማግሌዎች የሽመል መለከት ይነፋሉ። አዝመራው ገብቶ እስከ ዝናቡ ድረስ ዘመድ ሁሉ እየመጣ እዚያ ይሰነብታል።

የቦታው አዛውንት የሚስቴ እናት ወንድም ነበሩ። እንደ እሷ የገበያ አማርኛ ይችላሉ፤ ከዘመዱ ሁሉ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔን «ነሲብ» ይሉኛል፤ በዓረብኛው አማች ማለት ነው። ገና አህያዬን ሳላራግፍ ትከሻዬን ያዙና፣

«ነሲብ! አዞ በእግር መታህ አሉ!»

ዞር ብዬ ሚስቴን አየሁ። ፊቷ በኩራት ያበራል። ወሬው እኔን ቀድሞ የደረሰው በእሷ አፍ ነው፤ ካለፈው ገበያ ጀምሮ ለዘመድ አዝማድ ልካለች።

በዚያ ኩሬ አዲስ ባልና ሚስት አብረው መንሸራተት ልማዳቸው ነው። ሚስት ከፊት፣ ባል ከኋላ አቅፏት ይወርዳሉ፤ ታች ሲደርሱ ባልየው ሚስቱን ይዞ ወደ ማዶ ዳር ይወጣል። ሌላ ነገር የለውም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መለከቱ ተነፋና እኔና እሷን አናቱ ላይ አስቀመጡን። ያኔ አንዲት ቃል ብተነፍስ ይበቃኝ ነበር። ከአካሌ ሁሉ መዋኘት የሚያውቀው ምላሴ ብቻ ነበርና፣ ምላሴ ደግሞ «በሉ ልቀቁን!» አለች።

ለቀቅን። ሰማዩን አየሁ፣ ሾላውን አየሁ፣ ከዚያ ምንም አላየሁም። ኩሬው ቀኑን ሙሉ ሲረገጥ ውሎ እንደ ቀሪቦ መጠጥ ደፍርሷል። ውሃ በአፍንጫዬ ገባ። ሚስቴን ለቀቅኋት። እጄም እግሬም የየራሳቸውን መንገድ ሄዱ። ድንገት እግሬ ከታች አንድ ጠንካራ ነገር አገኘ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ድንጋይ! ብዬ ቆምኩበት። አፌ ከውሃ በላይ ወጣ፤ ተነፈስኩ። ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ። እጅ አወጣና ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ።

የሚቀጥለውን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፦ ካወቅሁ በኋላም አልወረድኩም።

እሷ ናት የኩሬውን ታች መሬት እየረገጠች፣ እኔን ተሸክማ ወደ ዳሩ የሄደችው። የዛፍ ሥር ጨበጥኩ። ውሃው ደረቴ ድረስ ሲሆን ቆምኩና ክንዷን ይዤ ሳብኳት። በሳል እየተናነቀች ወጣች። ከዳር ሆኖ የሚያየው ሰው ምን አየ? ልጅቱ ሰጠመች፤ ጠፋች፤ ባሏ ከደፈረሰው ውሃ ውስጥ መዝዞ አወጣት። እልልታው ቀለጠ።

«ልጃችን ሞቶ ነበር! አንተ አወጣ!» አሉ አዛውንቱ፣ እንባቸው እየወረደ። ወዲያው ፍየል ታረደ። ጉበቱን በሽመል እንጨት ሰክተው ጠብሰው፣ በቅጠል ላይ አድርገው፣ ከዘመዱ ሁሉ በፊት ለእኔ አቀረቡልኝ። ሚስቴ ከሴቶቹ መሐል ደረቷን ይዛ እየሳለች ታየኛለች። እውነቱን እስክናገር እየጠበቀችኝ እንደነበር አውቃለሁ።

በላሁት። ግሩም ነበር፤ እሱም ያሳፍረኛል።

መብላት ብቻ ቢሆን ደግ። «እንዴት አወጣሃት?» አሉኝ አዛውንቱ፤ ዘመዱም እንዲሰማ ሚስቴን አስተርጓሚ አደረጓት። «ከታች የዛፍ ሥር ይዟት ነበር፤ ጠልቄ ፈትቼ አወጣኋት» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በተዘጋ ድምፅዋ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመችው። እንደገና እልል ተባለ።

በነጋታው ረፋድ ላይ የሚስቴ እህት አራት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጇን አምጥታ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ። በጣቷ አለቱን አሳየችኝ፤ ሰው ከሞት ለሚያወጣ ሰው ልጅ አደራ መስጠት ምን ያስፈራል? ልጅቱ በሁለት እጇ አንገቴን አንቃ እየሳቀች ትፈራገጣለች። እኔም መውጣት ጀመርኩ! ምን አስቤ እንደሆነ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ምንም አላሰብኩም። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ ሰው ካየኝ እግሬ ራሱ ይሄዳል።

ከአለቱ አናት ሳልደርስ ሚስቴ ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችብኝና ልጅቱን ከአንገቴ ፈልቅቃ ወሰደች። ድምፅዋን አላነሳችም።

«እኔን ረገጥክ፤ ዝም አልኩ። እሷ ትንሽ ናት። እግርህ ሥር ትሞታለች።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ንገር። ለሁሉም። ዛሬ። ካልነገርክ አሶሳ ብቻህን ግባ፤ እኔ እዚህ ቀረሁ።»

«እሺ፣ እናገራለሁ። አንቺ ትተረጉሚልኛለሽ።»

«ውሸትህን ተረጎምኩ፤ ደከመኝ። ይሄን አንተ ራስህ ንገር» አለችና ልጅቱን አቅፋ ተቀመጠች፤ ተንሸራተው ወረዱ። ታች ሁለቱም እየሳቁ ሲወጡ እኔ ገና እዚያ መሐል አለት ላይ እንደ ተረሳ ፍየል ቆሜ ነበር።

ለምሳ ሁሉም ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ገንፎው በባሚያ ወጥ ቀርቧል። ተነሥቼ ቆምኩ። ከእነሱ ቋንቋ የማውቀው «ጨው»፣ «ስንት ነው»፣ «ነገ ና» ብቻ ነው፤ በእነዚህ ሦስት ቃላት ኃጢአት መናዘዝ አይቻልም። ስለዚህ ውሃ ያለበት አቁማዳ አነሣሁና መሬት ላይ አጋደምኩት። አቁማዳውን ጠቆምኩ፤ ሚስቴን ጠቆምኩ። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ በሁለት እግሬ አቁማዳው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። አፌን ከፍቼ ወደ ሰማይ ተነፈስኩ። ውሃው በአፉ ፊጭ ብሎ የአንዲት አሮጊት ቀሚስ አበሰበሰ።

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። መለከት ነፊዎቹ መንፋት አቃታቸው። «ነሲብ ሲቀልድ!» አሉ አዛውንቱ ጉልበታቸውን እየመቱ። ይኸው ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሲያሾፍ የኖረ ሰው እውነት ሲናገር የሚያምነው የለም። ከአቁማዳው ወርጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«አባቴ፣ ቀልድ አይደለም። መዋኘት አላውቅም። ዐባይን ያሻገሩኝ አስረው ነው። ትናንት ያወጣችኝ እሷ ናት። ድንጋይ መስላኝ ቆምኩባት። እሷ መሆኗን ካወቅሁ በኋላም አልወረድኩም።»

ሳቃቸው በአንዴ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ወደ ሚስቴ ዞረው በቋንቋቸው ጠየቋት። በአንዲት ቃል መለሰችላቸው። ከዚያ እሳቸው ለሁሉም አስረዱ። ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ እየጠፋ ሄደ። የልጅቱ እናት ልጇን ወደ ጭኗ ሳበች።

አዛውንቱ እንዲህ አሉኝ፤ «ውሃ ፈራህ። ይሄ ነውር የለም። ውሃ ሰው ሁሉ ይፈራል። ጉበት ለምን በላህ?»

 

በማግሥቱ ጠዋት አህያዋን ብቻዬን ጫንኩ። የሚስቴን ምንጣፍ ላንሣው ወይስ ልተወው ብዬ ቆሜ ሳለ መጣች፤ ራሷ ጠቅልላ ጭነቱ ላይ አስቀመጠችውና ከፊት ከፊት መንገድ ጀመረች። የሸኘን አልነበረም። ቀኑን ሙሉ የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቃኝ ሄደች። ስፈጥን ትፈጥናለች፤ ስዘገይ ትዘገያለች።

ሆሞሻ አጠገብ አንድ ወንዝ አለ፤ በጋ በጋ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። እሷ ተሻገረች። እኔ ስደርስ ዳሩ ላይ ቀረሁ። ስንመጣ በእጇ ይዛኝ ነበር የተሻገርኩት፤ ያን ጊዜ ፍቅር መስሏት። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያዩኛል።

«እጅሽን ስጪኝ» አልኳት ከወዲህ ዳር ሆኜ።

«አልሰጥም። ግን አልሄድም። ቆሜ አይሃለሁ።»

ጫማዬን በአንድ እጄ፣ የአህያዋን ጭራ በሌላው ይዤ ገባሁ። ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ «ያ አላህ!» እያልኩ፣ እንደ ሕፃን እየተርበተበትኩ፣ ያ አዞ መቺ ጀግና ተሻገረ። የሴቶቹ ሳቅ ወንዙን ሞላው። ሚስቴ አልሳቀችም። ደረቅ መሬት ስረግጥ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣

«አህያዋን አመስግን» አለች።

አጎንብሼ የአህያዋን አንገት መታ መታ አድርጌ አመሰገንኩ። ሌላ ማንንም ሳላመሰግን ሦስት ቀን እንዳለፈኝ የገባኝ እጄ ገና ከአንገቷ ላይ ሳይነሣ ነው። ቀና ስል ሚስቴ ርቃ ሄዳለች። ጫማዬን እንኳ ሳላጠልቅ ተከትያት ሮጥኩ።